ይመርቁልኝ

የውጭ በሩ ሥር ቆሜ የጫማዬን ጭቃ በድንጋዩ ጠርዝ ላይ እየፋቅኩ ነበር።

ከቀኑ አስር ሰዓት ሆኗል። ቦታው ዓለም ባንክ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው የሚጀምርበት ሰፈር ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች። ከዋናው መንገድ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማል።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ጨለማ እንዳልነበረ እንድታውቁ ነው። መብራት አልጠፋም። ውሻ አላላዘነም።

እኔ እዚህ የአስፈሪ ታሪክ ቻናል ላይ አንባቢ ነኝ። የሌላውን ሰው ታሪክ እያነበብኩ "ፈጠራ ነው" ብዬ የምስቅ አይነት። ዛሬ እናንተም ብትስቁብኝ አልቀየምም። የደረሰው ግን በእኔ ነው። ስሜ ሌሊሴ ይባላል። አልቀየርኩትም።

ያን ቀን ቤት ልንገዛ ነበር የሄድነው። ሆዴ መግፋት ጀምሯል። አከራያችን ደግሞ "ሕፃን የሚያለቅስበት ግቢ አልፈልግም፣ ሳትወልጂ ልቀቁልኝ" ብለውናል። ልጄን ይዤ የምገባበት፣ ማንም ውጪ የማይለኝ ቤት... ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ባለቤቴ ያደሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"እንዳትስቂ።"

"እሺ።"

"ቤቱን እንደወደድሽው ፊትሽ ላይ ካዩ አለቀልን። ዝም በይ። ዝም ያለ ገዢ ያስፈራል።"

"እኔ ሁሌም ዝም ነኝ እኮ።"

"ለዚህ አይደል ያገባሁሽ!"

ደላላው ጀይሉ ሰምቶን ሳቀ። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ በሩን አንኳኳ። "ቤቱ ሙሽራ ነው በሉኝ" አለ።

"ሙሽራዋ ግን ቀለሟ ተልጧል" አለው ያደሳ፣ በሩን በጣቱ እየፋቀ።

"አለቃ፣ ገና ሳትገባ ማጣጣል ጀመርክ?"

በሩን የከፈቱልን ቀጭን አሮጊት ናቸው። እማማ ተሻለች ይባላሉ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ጀይሉ እንደነገረን።

"ግቡ ልጆቼ" አሉ።

ከዚያ ዞረው ወደ ጓሮ በኩል፣ ቀስ ብለው... "ቆዪ" አሉ።

ጓሮው ውስጥ ማንም አይታይም።

ሳሎን ተቀመጥን። ያደሳ ሥራውን ጀመረ። ግድግዳውን መታ መታ አደረገ፣ "እርጥበት አለው" አለ። ኮርኒሱን አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ። እማማ ተሻለች አልተከራከሩትም። ሻጭ ቤቱ ሲናቅበት ይቆጣል፣ ይምላል፣ አሸዋው ከየት እንደመጣ ሳይቀር ይናገራል። እሳቸው ግን የሚያዳምጡት ሌላ ነገር ነበር። በየመሃሉ አንገታቸውን ወደ ጓሮ በር ዞር ያደርጋሉ።

እኔም ሰማሁት። ቀስ ያለ... የሚጭር ድምፅ። ዶሮ መሰለኝ።

ጀይሉ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ጮክ አለ። "አቤት ወንድሜ? ከሳንሱሲ ተነሳችሁ? ኧረ ቶሎ ኑ፣ እዚህ ሌሎች ሰዎች..."

ስልኩ ጆሮው ላይ እንዳለ ጮኸ።

ያደሳ በሳቅ ፈነዳ። እኔም እንደተባልኩት ሳልስቅ መቆየት አቃተኝ። ጀይሉ ራሱ "ኔትወርክ ነው!" እያለ ሳቀ። እማማ ተሻለች ብቻ አልሳቁም።

በሳቁ መሃል ወደ ያደሳ ጎንበስ አልኩ። እኔና እሱ ሰው ፊት ምስጢር ስናወራ ኦሮምኛ ነው የምንጠቀመው። እማማ ተሻለች ቋንቋውን እንደማይሰሙ ስንገባ ሞክረናቸው ነበር። ጀይሉም አይሰማም።

በኦሮምኛ "ወድጄዋለሁ" አልኩት።

ከጓሮ በሩ ኋላ...

"አኒስ።"

እኔም ማለት ነው። የሴት ድምፅ ነበር። ቀጭን፣ ደስ ያለው።

ያደሳን አየሁት። ግድግዳውን እያየ ነው። አልሰማም።

"ተከራይ አለ እንዴ ጓሮ?" አልኩ፣ በአማርኛ።

እማማ ተሻለች መጀመሪያ ጀይሉን አዩት። ከዚያ እኔን።

"የለም" አሉ።

ጓሮውን ልናይ ወጣን። አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለች። በሯ በመቀርቀሪያ ተዘግቷል፣ መቀርቀሪያው ከውጭ በኩል ነው። ዘይት ተቀብቷል። ቤቱ ሁሉ ሲዝግ እሱ ብቻ ያብረቀርቃል።

"ባዶ ነው" አሉ እማማ ተሻለች ሳንጠይቃቸው።

ጀይሉ ጓሮ ድረስ አልመጣም። ፊት ለፊት፣ የውሃው ታንከር አጠገብ ቆሞ ቀረ። ታንከሩን ሳየው ልቤ ደነገጠ፣ በደስታ። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ያን የሚያህል ታንከር! ሻጮች ሲወጡ ነቅለው ይሄዳሉ። እሱን ቢተዉልን ብዬ ተመኘሁ። መናገር ግን አፈርኩ።

ዋጋው ላይ አልተስማማንም። ያደሳ የመጨረሻ ዘዴውን አወጣ። ተነሳ፣ "እንግዲህ እማማ፣ አልሆነልንም" አለ፣ እጄን ይዞ ወጣ።

ይሄን ጨዋታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቀስ ብላችሁ ትራመዳላችሁ። ወደ ኋላ አታዩም። ሻጩ ይጠራችኋል። የጠራ ተሸነፈ።

ግቢውን አቋረጥን...

አልተጠራንም።

በሩ ጋ ደረስን...

ማንም አልጠራንም። አከራያችን ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

ጀይሉ ተከትሎን መጣ። ያደሳን አልፎ ወደ እኔ ቀረበ። ዓይኔን ግን አላየኝም።

"እህቴ፣ ስለ ዋጋ አታንሺባቸው" አለኝ በሹክሹክታ። "ይመርቁልኝ በያቸው።"

"ምኑን?"

"ብቻ በያቸው። አንቺ ስትይ ደስ ይላቸዋል።"

ሽንኩርት ስንገዛ፣ ድንች ስንገዛ የምንለው ቃል ነው። ባለ ሱቋ አንድ ሁለት ፍሬ ትጨምርልናለች፣ አለቀ። እኔም ታንከሩን አሰብኩና ተመለስኩ።

እማማ ተሻለች ከተቀመጡበት አልተነሱም ነበር።

"እማማ..." አልኩ። ታንከሩን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። አፈርኩ። "እባክዎ... ይመርቁልኝ።"

የሚጭረው ድምፅ ቆመ።

እስኪቆም ድረስ ያን ያህል ጊዜ ስሰማው እንደቆየሁ አላወቅኩም።

"ምን አልሽ የኔ ልጅ?"

"ይመርቁልኝ።"

"ራስሽ ነሽ ያልሽው? በአፍሽ?"

"አዎ።"

አሮጊቷ አለቀሱ። ድምፅ ሳያሰሙ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። ከዚያ ያደሳን ጠርተው "ያልከው ዋጋ ይሁን" አሉት። ጀይሉ እየሮጠ መጥቶ እጃችንን አገናኘና መታው።

"ይባርክልሽ" አሉኝ። እጄን አልለቀቁም። "መርቄልሻለሁ።"

ያደሳ ማታ እየደጋገመ ሳቀ። "አንቺ ዝምተኛ! በአንድ ቃል ጨረስሽው!"

ቤቱን የተረከብን ቀን እማማ ተሻለች የያዙት አንድ ፌስታል ብቻ ነበር። ታክሲ ውጭ እየጠበቃቸው ነው። ታንከሩ ቦታው ላይ አለ።

"ስለ ታንከሩ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማማ" አልኳቸው።

"ታንከሩማ የቤቱ ነው። እሱ ምራቂ አይደለም።"

"ታዲያ... የመረቁልኝ ምንድን ነው?"

የታክሲውን በር ይዘው ቆሙ። እንደ ልጃቸው አዘኑልኝ።

"ለእኔም ተመርቃልኝ ነው። ቤቱን የሸጠችልኝ ሴት ናት የመረቀችልኝ። በቃል ነው የምትሄደው፣ የጠየቀ ሰው ሲገኝ።"

"ማን ናት?"

"እንጃ" አሉ። በሩን ዘጉ። ከዚያ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረጉ። "ቅናተኛ ናት። ከማንም አታበላልጪያት።"

ታክሲው ሄደ። ስልካቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ አይሠራም።

ያደሳ ሰርቪሷን ከፈታት። ባዶ ናት። የተጠረገች፣ ንጹሕ። በሩን ግን ከውስጥ በኩል አየሁት... አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀለሙ አልቆ እንጨቱ ለስልሷል። ሰው ጉንጩን ለጥፎ የሚያዳምጥበት ከፍታ ላይ።

ልጄን በሰላም ወለድኩ። ሴት ናት። ኢሊሊ አልናት።

መጀመሪያ የጠፋው ብርድ ልብሷ ነው። ሰርቪሷ ውስጥ፣ መሬት ላይ ተነጥፎ አገኘሁት። መሃሉ ጎድጎድ ብሏል። ገና ሙቀት ነበረው።

ቀጥሎ ካልሲዎቿ።

ቀጥሎ... አንድ ከሰዓት አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ፣ አልብሼ አስተኛኋት። ውሃ ልደፋ ወጥቼ ስመለስ ጉንጯ ላይ ጭረት አለ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ።

"በራሷ ጥፍር ነው" አለኝ ያደሳ።

የልጄ እጆች በጓንት ታስረው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉንም ነገር ሁለት ሁለት አድርጌ መግዛት ጀመርኩ። አንዱን ለኢሊሊ፣ አንዱን ሰርቪሷ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጭረቱ ለትንሽ ጊዜ ቆመ። ያደሳ "መንታ ነው እንዴ የወለድሽው?" እያለ ይቀልዳል። እሱ እስከ ዛሬ ምንም ሰምቶ አያውቅም።

ጭረቱ እንደገና ሲመጣ ቤቱን እንሽጠው አልኩት። ጨቀጨቅኩት፣ አለቀስኩ፣ በመጨረሻ እሺ አለ። ጀይሉ ገዢ ማምጣት ጀመረ። ራሱ ግን ከበሩ አያልፍም።

ገዢዎች መጡ። ግድግዳውን መቱ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ተነስተው ሄዱ፣ እስኪጠሩ ጠበቁ። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ዋጋ ነው። እኔ የምጠብቀው አንዲት ቃል ነበር። በሉት... አንድ ሰው ይበለው...

ባለፈው ሳምንት አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት መጡ። መህዲ እና ፈይዛ። ሰውየው እንደ ያደሳ ቀልደኛ ነው። እሷ ዝምተኛ ናት። ጣቶቿ ላይ የሰርጓ ሂና ገና አልጠፋም።

ዋጋው ላይ ተጣልተው ወጡ። በሩ ጋ ጀይሉ ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ሲናገር በመስኮት አየሁ።

ዓይኗን አላያትም።

ፈይዛ ተመልሳ መጣች። እኔ ሳሎን ኢሊሊን ታቅፌ ቆሜያለሁ።

"እህቴ..." አለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። "እባክሽ... መርቂልኝ።"

የሚጭረው ድምፅ ቆመ።

ከጓሮ በሩ ኋላ ትንፋሽ ይሰማል፣ እየጠበቀ።

እሺ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እሺ፣ መርቄልሻለሁ። ልጄን አየኋት። ጉንጯን አየሁት። ከዚያ የፈይዛን ጣቶች አየሁ፣ ቀያዮቹን፣ እርስ በርስ ሲጨባበጡ።

"ምኑን?" አልኳት።

"እ... እንዲሁ... ብቻ..."

"እንዲሁ አይባልም! ምኑን? በስሙ ጥሪው!"

በሕይወቴ ጮኼ አላውቅም። ኢሊሊ በድንጋጤ አለቀሰች። ፈይዛ ወደ ኋላ ሸሸች።

"መ... መጋረጃውን!"

"መጋረጃውን መርቄልሻለሁ። ሌላ ምንም አልመረቅኩልሽም፣ ሰማሽ? ምንም!" መጋረጃውን ከነዘንጉ ነቅዬ አስታቀፍኳት።

አልተመለሱም። ከእብድ ማን ቤት ይገዛል? ጀይሉም ደውሎ "ምን ነካሽ? እሺ ብትዪያት ኖሮ ያልቅ ነበር እኮ!" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ዛሬ ከሰዓት፣ ይሄን ከመጻፌ በፊት፣ ኢሊሊን ሳሎን ባለው አልጋ ላይ አስተኝቼ ጥፍሯን እየቆረጥኩ ነበር። መጋረጃው የተነቀለበት መስኮት ብርሃን ያስገባል። ያደሳ ሥራ ነው። ትንንሽ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ፣ ቀስ አድርጌ... እንቅልፍ ወሰዳት።

ከአልጋው ሥር አንድ እጅ ወጣ።

የትልቅ ሰው እጅ ነው። ብርድ ልብሱ ላይ፣ ከልጄ እጅ አጠገብ ዘርግቶ ተቀመጠ። ጣቶቹ ተከፍተዋል። ጥፍሮቹ ረጃጅም ናቸው፣ ጫፋቸው ጠቁሯል።

አልጮህኩም። ልጄ ትነቃለች።

ያዝኩት። ሞቃት ነበር። ይሄን አልጠበቅኩም።

ከአውራ ጣቱ ጀመርኩ። ጥፍሩ ጠንካራ ስለሆነ ሁለቴ መጫን ነበረብኝ። እጁ አልተንቀሳቀሰም። የመጀመሪያውን ስጨርስ እየተንሸራተተ ወረደ... ሌላኛው ወጣ። እሱንም እስከ ትንሿ ጣት ድረስ ቆረጥኩ፣ እንደ ኢሊሊ፣ ሳላበላልጥ። የሻከረውን ጠርዝ በሞረዱ አለሰለስኩ።

ቁርጥራጩን ሰብስቤ በሶፍት ጠቀለልኩ። መቁረጫውን አጥፌ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት።