ብራና ላይ የተሰጣ ብቅል

ቁም ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው። ውስጡ ግን ባዶ ነው። የእማሆይ ወለተ ሐዋርያት ድምፅ የተቀዳባቸው አሥራ አንድ ሲዲዎች የሉም።

ነገሩ የታወቀው ሐሙስ ጠዋት ነው። አራት ዓይነ ስውራን የቆሎ ተማሪዎች ከደብረ ወርቅ በሚኒባስ መጥተው ደብረ ማርቆስ ካለው የብራና መጻሕፍት ቢሮ በር ላይ ቆሙ። «ለእናንተም በጆሮ የሚሰማ አለ» ተብለው ነበር።

ቢሮው አንድ የቆየ ገድል በኮምፒዩተር ያዘጋጃል። ከብራናው አሥራ ሁለት ቅጠል አይጥ በልቶታል። የጎደለውን በቃላቸው የያዙት እማሆይ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ዓይነ ስውር ናቸው፤ ዘንድሮ ደግሞ ጉሮሯቸው ታሞ ድምፃቸው ተዘግቷል። ሲዲዎቹ ከጠፉ ዳግመኛ አይቀዳም።

ኢንስፔክተር ደብሪቱ ዘበኛውን ቢተውን ጠራችው።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እኔና አዘጋጁ አቶ ፍቅረ ሥላሴ ጋ።»

«አንተ ወሰድከው?»

«የመነኩሲት ድምፅ ምን ላደርግበት፣ እህቴ? እኔ ቴፕ እንኳ የለኝ!»

የዘበኛው ቤት ተፈተሸ። ምንም አልተገኘም።

አቶ ፍቅረ ሥላሴ ግን አልተጨነቁም።

«ሲዲው ቢጠፋም ግድ የለም። የጎደለውን ከሌላ ደብር ብራና እየገለበጥኩ ነው።»

ደብሪቱ የተተየበውን ተቀበለች። መግቢያው ላይ የእማሆይ ስም የለም። ግእዝ አታውቅም፤ ቢሆንም ገጹን አንድ በአንድ ገለጠች። አርባ አንደኛው ላይ ዓይኗ ቆመ። በግእዙ መሀል ጥርት ያለ አማርኛ!

«ይችን ያንብቡልኝ።»

ሰውየው ማንበብ ጀመሩ። ድምፃቸው እየወረደ ሄደ።

«ዝናብ መጣ፤ ብቅሉን አስገቡት።»

«የትኛው ብራና ላይ ነው ብቅል የሚሰጣው?»

አቶ ፍቅረ ሥላሴ ገጹን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ከሲዲው እየሰሙ ነው የተየቡት። ጆሮዎ የሰማውን ሁሉ እጅዎ ጻፈ።»

«የዕውር ባልቴት ቃል ነው ብዬ ባወጣው ሊቃውንቱ አይስቁብኝም?» ብለው ጮኹ። «መጽሐፍስ ዓይን ላለው ሰው አይደለም እንዴ!»

ሲዲዎቹ ከመኝታ ቤታቸው ተገኙ። አንዱም አልተሰበረም።

«ለምን አስቀመጧቸው?»

«ሦስት ቅጠል ይቀረኛል።»

ደብሪቱ ደሟ ፈላ። ልጆቹን ከበር መልሶ፣ እሱ ቤቱን ዘግቶ ይሰማ ነበር!

በማግስቱ እማሆይና ተማሪዎቹ ጣቢያው ውስጥ ተቀመጡ። ሲዲው ተከፈተ። ያ የድሮው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። መሀል ላይ ቆም አለና «ዝናብ መጣ፤ ብቅሉን አስገቡት!» አለ። ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ።

«እማሆይ፣ ይችን እናውጣት?» አለች ደብሪቱ።

«የለም» አሉ በሹክሹክታ። «ብቅሉም ይግባ። በማን ቤት እንደተነገረ ይወቁት።»