የውዴ ሁለት ጣሳዎች

ውዴ ክንዴ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወጣ ብሎ፣ ግራር ተክለው ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች መንደር ውስጥ ነው። አራተኛ ክፍል ትማራለች። ጥያቄ መጠየቅ በጣም ትወዳለች። “ጭስ ለምን ወደ ላይ ይሄዳል? ጭቃ ሲደርቅ ለምን ይሰነጠቃል?” ትላለች። እናንተስ እንደዚህ ትጠይቃላችሁ? ጥሩ ነው፤ ጠይቁ።

አንድ ቀን የሳይንስ መምህርቷ ማናለብሽ ባዶ ጣሳዎች ይዘው ገቡ።

“ባቄላ የሚወደው የትኛውን አፈር ነው? የማሳውን ወይስ ከሰል የተከሰለበትን?” አሉ።

“የተከሰለበትን!” ብሎ ክፍሉ ጮኸ። በዚያ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ከሰል የወጣበት ቦታ ላይ ስንዴው ከሌላው በልጦ ይቆማል።

“ማን አየ? እናንተ ናችሁ ወይስ አባቶቻችሁ?” አሉ መምህርቷ እየሳቁ። “እንግዲህ በራሳችሁ ዓይን ታያላችሁ።”

እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ጣሳ ወሰደ። አንዱን በማሳ አፈር፣ ሌላውን ከሰል በወጣበት ጥቁር አፈር ሞላ። በየጣሳው አምስት አምስት ባቄላ ዘራ፤ እኩል ውኃ አጠጣ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ በማስመሪያ እየለኩ መጻፍ ነው።

ሌሎቹ ጥቁሩን አፈር ያመጡት ዓምና ከሰል ከወጣበት ቦታ ነው፤ ውዴ ግን ከሁሉም መብለጥ ፈለገች። አባቷ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ከሰል ካወጣበት ቦታ፣ አፈሩን ከነአመዱ ዝቃ ጣሳዋን ሞላች። “የእኔ ይበልጣል፣ ታያላችሁ!” አለች።

በስምንተኛው ቀን የማሳው አፈር ሰንጠቅ አለና አረንጓዴ አንገት ብቅ አደረገ። ጥቁሩ ግን ዝም። በዘጠነኛው ቀን ዝም። በአሥረኛውም ዝም። የሌሎቹ ልጆች በሁለቱም ጣሳ በቅሏል፤ እንዲያውም በጥቁሩ ይበልጥ።

ኪዳኑ የሚባል ልጅ ጎንበስ ብሎ ጣሳዋን አየና፣ “እሽሽ! ቀስ በሉ፤ የውዴ ባቄላ ተኝቷል!” አለ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

ሰው ሲስቅብን ያማል አይደል? ውዴንም አመማት። በእረፍት ሰዓት ብቻዋን ወደ ክፍል ገባች። ከማሳው ጣሳ ረጃጅሞቹን ሦስት ቡቃያዎች ነቅላ ጥቁሩ ውስጥ ተከለቻቸው። ደብተሯ ላይ “አራት ሳንቲ ሜትር” ብላ ጻፈች።

ዓርብ መምህርቷ ደብተሮቹን አዩ። “ጎበዝ ውዴ! አፈሩን ከየት አመጣሽው?”

“ከ… ከእኛ ጓሮ።”

“የእናንተ ቤት ደግሞ ቅርብ ነው። ሰኞ ሁላችንም ሄደን በጆንያ እናመጣና የትምህርት ቤቱን የአትክልት መደብ እንሞላዋለን። ከየቤታችሁ አንድ አንድ እፍኝ የዘር ባቄላ ይዛችሁ ኑ።”

እሑድ በሰንበት ትምህርት ቤት ሲዘመር የውዴ ከንፈር ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ቤት እንደደረሰች አባቷን ጠየቀች።

“አባዬ፣ አሁን ከሰል በወጣበት ላይ ባቄላ ቢዘራ ይበቅላል?”

“ትኩሱ ላይ? ኧረ ልጄ! አመዱ ዘሩን ይፈጀዋል። የክረምት ዝናብ ሳይመታው ማን ይዘራበታል? ምነው ጠየቅሽኝ?”

“እንዲሁ ነው” አለች። ግን ገብቷታል። የልጆቹ ዘር ሁሉ ሊጠፋ ነው።

ሰኞ ልጆቹ ባዶ ጆንያ ይዘው ተሰለፉ። ኪዳኑ በጨርቅ የተቋጠረ ባቄላ አሳያት። “እናቴ ለዘር ካስቀመጠችው ነው የሰጠችኝ። ውዴ፣ የእኔን አንቺ ዝሪልኝ እሺ? እጅሽ ጥሩ ነው።”

ውዴ ቋጠሮውን አየች። ከዚያ በላይ መቻል አቃታት።

“አትዝሩ!” ብላ ጮኸች። “ቲቸር፣ የእኔ ጥቁር አፈር ምንም አላበቀለም። ከሌላኛው ነቅዬ ነው የተከልኩበት። ዋሽቻለሁ!”

መምህርቷ ጣሳውን አምጥተው አፈሩን ቆፈር ቆፈር አደረጉ። አምስቱ ባቄላዎች ጠቁረው፣ በስብሰው ወጡ። ልጆቹ ለማየት ተጋፉ።

“ማታለልሽ አሳዝኖኛል፤ ደብተርሽን አሁኑኑ አርሚ” አሉ መምህርቷ። ውዴ እንባዋን እየጠረገች አራቱን ሰርዛ ዜሮ ጻፈች። ኪዳኑንም ይቅርታ ጠየቀችው። በልቧም እግዚአብሔርን ይቅር በለኝ አለች።

“አሁን ግን ንገሩኝ” አሉ መምህርቷ፤ ዓይናቸው በራ። “ይህ አፈር ዘር እንዳይገድል ምን እናድርግ? እኔም በእርግጠኝነት አላውቅም።”

“ከማሳው ጋር ብናቀላቅለውስ?” አለ ኪዳኑ።

“ብናጥበውስ? ልክ ክረምት እንደሚያጥበው!” አለች ውዴ።

የቤታቸውን ዘር አስቀመጡና እንደገና ሦስት ጣሳ አዘጋጅተው ከመጀመሪያው የተረፈውን ባቄላ ዘሩ። አንዱ ከነአመዱ፣ አንዱ የተቀላቀለ፣ አንዱ ደጋግመው ውኃ ያሳለፉበት። በየጠዋቱ ከደወል በፊት ተሽቀዳድመው ያዩ ነበር። በአሥረኛው ቀን የተቀላቀለው በቀለ። በማግስቱ የታጠበውም አንድ ጭንቅላት ብቅ አደረገ። “መጣ! መጣ!” ብለው ዘለሉ። ከነአመዱ ያለው ግን ምንም አልነበረበትም።

በዚያው ሳምንት መደቡን በተቀላቀለው አፈር ሞሉት። ውዴ የኪዳኑን እናት ዘር አንድ በአንድ በጣቷ እየቀበረች ዘራችለት።

ልጆች፣ ያየነውን እንዳየነው እንናገር፤ ብንሳሳትም ሳንደብቅ እንናዘዝ፤ እግዚአብሔር እውነትን ይወዳልና።