የአምበር አፈር

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለው የጨረር ምርምር ጣቢያ የተገኙት ጣቢያውን የሚመሩት ፕሮፌሰር መሳፍንት፣ ተመራማሪዋ ሔዋን፣ የዕቃ ቤት ሠራተኛው ታረቀኝና ከሁለት ፖሊሶች ጋር የመጣችው ኢንስፔክተር አይናለም ነበሩ። ሌላው ተመራማሪ ምስጋናው ዕቃ ቤቱ ወለል ላይ ተደፍቶ ሞቷል። ጨረር የሚከለልበት የእርሳስ ብረት ጡብ ደም እንደ ነካው አጠገቡ ወድቋል። ዝንቦች ቢያባርሯቸውም ከቁስሉ አልነሣ አሉ።

ሬሳውን ያገኘው ታረቀኝ ስለሆነ ፖሊሶቹ በካቴና አስረውታል።

«በማርቆስ ይዤዎታለሁ! የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ከምሳ ስመለስ ነው ያየሁት» አለ ታረቀኝ ለአይናለም።

«የገደለ ሁሉ እንዲያ ይላል» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው። የነጭ ሸሚዛቸው እጅጌ ጫፍ ጠቆር ብሏል።

አይናለም ከሬሳው አጠገብ የተከፈተ ካርቶን አየች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የጨረር መለኪያ ባጆች ናቸው» አለች ሔዋን። «ጉንደ ወይን ከተማ፣ ሃምሳ ቤት ውስጥ ሦስት ወር ተሰቅለው ነበር፤ ፕሮፌሰሩ ‹ቤቶቹ አያሰጉም› ብለው ያሳተሙት በእነዚህ ነው… እንዴ! የታሸጉበት ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም!»

«ፕሮፌሰር፣ እርስዎ የት ነበሩ?» ስትል አይናለም ጠየቀች።

«ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ከመለኪያው ማሽን አልተነሣሁም። ከአምበር ከተማ የመጣውን አፈር ስለካ ነበር። በውስጡ ያለው የራዲየም ጨረር መጠን ሠላሳ ስምንት ነው።»

አይናለም ሔዋንን ወደ ደጅ ይዛት ወጣች።

«የአምበሩ አፈር መቼ መጣ?»

«ሰኞ። እኔው ነኝ ጣሳ ውስጥ ያሸግሁት።»

«መቼ ይለካል?»

«አራት ሳምንት ቆይቶ ነዋ! ከአፈሩ የሚወጣው ጋዝ እስኪጠራቀም። ይህንን ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ ቁልፉም እኔ ጋ ነው።»

አይናለም ተመልሳ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ፕሮፌሰር፣ ያ አፈር ከሰኞ ጀምሮ ተቆልፎበታል። ታዲያ እርስዎ ሳይለኩ ቁጥር ነገሩኝ። ልማድዎ ነው። የጉንደ ወይንን ቤቶችም ሳይለኩ ‹አያሰጉም› ብለው አሳተሙ። ዛሬ ምስጋናው ያልተከፈቱትን ባጆች ሲያገኝ ገደሉት።»

«ድፍረት ነው! ሃያ ዓመት በዚህ ሙያ…»

«ሃያ ዓመት አንዲት ጡብ አላነሡም፤ ዛሬ ግን ያለ ጓንት አነሡ። እርሳስ ብረት የነካውን ያጠቁራል፤ እዚህ የሚሠራ ሰው ያለ ጓንት አይነካውም። እጅጌዎን ይዩት።»

ሁሉም አዩ። ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ።

«ታዲያ ለእነዚያ የጭቃ ቤቶች ብዬ ስሜን ላጣ?» አሉ።

«ሰዎቹ እኮ አምነውዎት ልጆቻቸውን እዚያ ያስተኛሉ» አለች ሔዋን። ከዚያም የባጆቹን ካርቶን አንሥታ ለአይናለም ሰጠቻት።

ፖሊሶቹ ካቴናውን ከታረቀኝ ፈትተው ለፕሮፌሰሩ አደረጉላቸው። ታረቀኝ እጁን ታጥቦ ባጃጅ ተሳፍሮ ወደ ቤቱ ሄደ።