ወደ ግራ የሚጠብቅ ዳዶ

ሻጩ የፊኛ መንፊያውን ከጋዝ ሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘውን ዳዶ በመፍቻ ወደ ግራ ሲያዞር አየችውና ብልጭታ ፊኛ መምረጧን ተወች።

«አሁን አጠበቁት ወይስ ፈቱት?»

«አጠበቅኩት እንጂ! ተፈትቶማ ጋዝ አይሰጥሽም» አለና ሲሊንደሩን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው። «ንጹሕ ሂሊየም ነው። ፊኛው ጣሪያ ይስምልሻል።»

ሲሊንደሩ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ቢያብረቀርቅ ምን ዋጋ አለው! ብልጭታ ጎንበስ ብላ ዳዶውን አየችው። ማዕዘኖቹ ላይ ሆን ተብለው የተሞረዱ ምልክቶች አሉ።

ብልጭታ የሚለውን ስም ያወጡላት እናቷ የምትሠራበት ወርክሾፕ በያጆች ናቸው። እናቷም በያጅ ናት፤ ያውም እንዴት ያለች በያጅ! እሷ የበየደችው ብረት የት ጋ እንደተገጣጠመ በጣት ዳስሶ ማግኘት ይቸግራል። በዚህ ሳምንት ደግሞ የወርክሾፑ አለቃ ሆና ተሾመች። ብልጭታ ይህን ከሰማች ጀምሮ መሬት አልበቃትም። «ለእማዬ ቤቱን በተንሳፋፊ ፊኛ ካልሞላሁት እኔ ልጇ አይደለሁም!» ብላ በአክስቶቿ ፊት ደረቷን ነፍታ ፎክራለች። ዛሬ አመሻሽ ላይ እናትየው ከሥራ ስትገባ ኬኩ ላይ ሻማ በርቶ፣ ጣሪያው በፊኛ ተሸፍኖ ልታገኘው ነው። ምንም አታውቅም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብልጭታ ወርክሾፕ ስትውል የተማረችው ነገር አለ። የሌላው ጋዝ ዳዶ ወደ ቀኝ ይጠብቃል፤ የሚቀጣጠል ጋዝ ግን ወደ ግራ። ሰው እንዳይሳሳት ደግሞ ዳዶው ይሞረዳል። «ቀለም ማንም ይቀባል፤ ዳዶው ግን አይዋሽም» ትላለች እናቷ። ሂሊየም እንደሆነ እሳት ቢለቁበት እንኳ አይቀጣጠልም።

«ፈታ፣ አንዴ ና» ብላ ትንሹን አጎቷን በክንዱ ጎተተችው። ምንም ነገር ቢመጣ «ፈታ በሉ» ስለሚል ቤተሰቡ ያወጣለት ስም ነው። «ይሄ ሂሊየም አይደለም። የሚነድ ጋዝ ነው።»

ፈታ ሳቀ። «አቦ አታካብጂ! ሰውዬው እኮ ሥራው ነው። ከመቼ ወዲህ ነው ኢንጂነር የሆንሽው?»

«ዳዶውን እየው እንጂ!»

«ዳዶ ልናይ ነው እንዴ የመጣነው? ፈታ በይ። እንግዶቹ እየደረሱ ነው፤ ሌላ ፊኛ ቤት ደግሞ እዚህ አካባቢ ለመድኃኒት እንኳ የለም።»

ሻጩ ሰምቷል። ፈገግታው ግን አልጠፋም፤ ምላሱ ቅቤ ነው። «እህቴ፣ ስንቱ ልደት በዚህ ደምቋል መሰለሽ! እንዲንሳፈፍልሽ አይደል የምትፈልጊው? ይንሳፈፋል።»

ይንሳፈፋል፤ እውነቱን ነው። ብልጭታ ግን ኬኩ ላይ የሚበራው ሻማ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት፤ ሻማውን ለማጥፋት ጎንበስ ያለችው እናቷም። ፈራች። እሷ ብትናገር ማን ይሰማታል? ፈታ በዚህ ምድር ላይ የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ታላቅ እህቱን፣ የብልጭታን እናት። ለእሷ መደወል ደግሞ ያን ሁሉ ምስጢር ማፍረስ ነው። አክስቶቿ ምን ይሏታል? «አፍሽን ብትይዢ ምን ነበረበት!» እንባዋ መጣ። ቢሆንም ስልኳን አወጣች።

«እማዬ፣ ዳዶው ወደ ግራ ነው የጠበቀው።»

ከእናቷ ጀርባ መዶሻ ይጮሃል። «የቱ ዳዶ? የት ነሽ አንቺ?»

«ፊኛ ቤት። ዛሬ ላንቺ... ድግስ ነበረን፣ ሰርፕራይዝ። አበላሸሁት። ሂሊየም ነው ይላሉ፤ ዳዶው ግን የተሞረደ ነው።»

እናቷ የመለሰችላት በቤት ድምፅዋ አልነበረም፤ በሥራ ድምፅዋ ነው። «ያየሽው ልክ ነው። እንዳትነኪው። ስልኩን ለአጎትሽ ስጪው።»

ፈታ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ሳቁ ጠፋ። «እሺ... እሺ... አይ፣ ነግራኝስ ነበር... እሺ፣ አለቃ።» ስልኩን መለሰላትና ራሱን አከከ። «ይቅርታ። በአፋችን እንነፋዋለን። ጉንጬ እስኪፈነዳ እኔው እነፋዋለሁ፣ እሺ?»

ስልኩ ገና አልተዘጋም። እናቷ ለሠራተኞቿ ስትናገር ተሰማት፤ «ልጄ እኮ ናት! ዳዶውን አይታ አወቀችው!» በያጆቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። ብልጭታ እዚያው ቆማ ቁመት የጨመረች መሰላት፤ ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

«አንፈልግም» ብለው ሲወጡ አንዲት ሴትዮ የትንሽ ልጇን እጅ ይዛ ስትገባ በር ላይ ተላለፉ። ልጁ «የሚበረውን! የሚበረውን!» እያለ ይዘላል። ሻጩም ከውስጥ «ግቡ፣ ግቡ!» አለ።

«ነይ እንጂ፣ እንግዶቹ ደረሱ!» አለ ፈታ።

«መጣሁ» አለችና ብልጭታ ተመልሳ ገባች። ሻጩ በዓይኑ ሊበላት ደረሰ።

«እትዬ» አለቻት ሴትዮዋን፣ «ከመግዛትዎ በፊት ይሄን ዳዶ ላሳይዎት።»