ጠመኔ የተቀባው እግር

ስድስት ዓመት ሙሉ «ዘመሜ» ተብላ ተጠርታለች። ስሙን ያወጣላት አናጺው ነው፤ ለዚህ ነው ዓይኑን ላየው አልፈልግም የምትለው። የምትለው ግን አፏ ነው እንጂ ዓይኗስ ከእሱ ላይ አይነሳም ነበር።

ነገሩ የሆነው አናጺው በአባቷ እንጨት ቤት በተቀጠረ ሰሞን ነው። ያኔ እሷም የጠረጴዛ እግር ትቆርጥ ነበር። ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ምላስ ቆርጣ ስትገጥመው እግሩ ወደ ውጭ ተንጋደደ። አናጺው ጎንበስ ብሎ አየና፣ «እግሩ ምን አደረገ፤ ዘመም የሚለው የሷ ዓይን ነው» አለ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። አባቷ አልሳቀም፤ መጋዙን ከእጇ ወስዶ የቫርኒሽ ብሩሽ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ሌላው የሠራውን መቀባት ብቻ ሆነ።

ሁለት ሰዎች ለትዳር ጠይቀዋት እንቢ ብላለች። ለምን ስትባል፣ «አንዱ ወንበር ሲጎትት ወለል ይፍቃል፤ ሌላው በር አይዘጋም» አለች። እውነቱ ሌላ ነበር። አናጺው የላገውን ጣውላ ስትቀባ እጇ ይዘገያል። እሱ እንጨት ሲያነሳ የተኛ ሕፃን የሚያነሳ ይመስላል፤ የሠራው መሳቢያ በአንድ ጣት ይከፈታል። እንደዚያ ያለ እጅ አይታ አታውቅም። ሰላምታውን ግን በግማሽ አፍ ነበር የምትመልስለት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቫርኒሽ ልትወስድ ስትገባ ብቻውን አገኘችው። የጠረጴዛ እግር ላይ ጠመኔ ያሻል።

«ምነው፣ ልትጽፍበት ነው?» አለችው።

ደነገጠ። «አይ፣ ልሸፍነው ነው።»

«ምኑን?»

ሌላ እግር አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረላት። የእንጨቱ ጭረቶች ቀጥ ብለው አልወረዱም፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን አዘንብለዋል። በእነሱ ላይ አግድም የተሰመረው የእርሳስ መስመር ጠማማ መሰላት።

«መስመርህ ዘሟል» አለች፣ ደስ እያላት።

የማዕዘን መለኪያውን፣ ስኳድራውን አቀበላት። ለካችው። መስመሩ ዝንፍ አላለም።

«ጭረቱ ነው የሚያታልለው» አለ። «ዓይን እሱን አምኖ እርሳሱን ይጠራጠራል፤ እጅ ደግሞ ዓይንን ይከተላል። ጠመኔ ከቀባሁት ጭረቱ ይጠፋል፤ የሚታየኝ የማሰምረው ብቻ ነው።»

እግሩን እንደያዘች ቀረች። «ያን ቀን የቆረጥኩት እንዲህ ያለ እንጨት ነበር።»

«አዎ» አለና ጠመኔውን አስቀመጠ።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«እኔም ሦስት እግር ሳበላሽ። በመጣሁ በዓመቴ።»

«ታዲያ አምስት ዓመት አፍህን ምን ዘጋው?»

«መጀመሪያ አፈርኩ። በኋላ ደግሞ ወደድኩሽ፤ ያን ጊዜ ጭራሽ ፈራሁ። ዓይንሽ ምንም አልነበረበትም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ተያዩ፤ እሱ ቀድሞ አቀረቀረ። አፍንጫው ላይ ጠመኔ ነበረ፤ ልትጠርግለት አሰበችና ተወችው።

«አባዬ፣ እስቲ ና» ብላ ተጣራች።

አባቷ እጁን እየጠረገ ከጓሮ መጣ።

«ይሄ ሰውዬ የሚነግርህ ነገር አለው።»

አናጺው ሁሉንም ነገረው፤ ያበላሻቸውን ሦስት እግሮች የት እንደደበቃቸው ሳይቀር። አባቷ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ።

«ላባርረው?» አላት።

«አይ። ላገባው ነው።»

«ስምሽን ያጠፋውን ሰውዬ?»

«መጋዙን የነጠቅከኝ አንተ ነህ አባዬ። እሱ ቢያንስ ጥፋቱን አመነ።»

አናጺው አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ።

«አንተ ቆይ» አለችው። «ያንተን መልስ የምሰማው ሥራዬን ስጨርስ ነው።»

የሥራ ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን አራት እግሮች አንድ በአንድ ጠመኔ ቀባች፤ አሰመረች፤ ቆረጠች። አልቸኮለችም። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ምሳውን ሳይበላ ጠበቃት።