ጉድጓዱ ያልጠራት ልጅ

«እማዬ፣ ይሄ ቤት የማን ነው?» አለች ናርዲ።

ኤልዳማ እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ እንደተነከረ ቀና አለች። የሰባት ዓመት ልጇ ደጃፉ ላይ ቆማ ሐይቁን ታያለች። ኤልዳማ እጇ ቀለም እያንጠባጠበ መጥታ አጠገቧ ቆመች። ያን ሰሞን የዘልማራ ሐይቅ እንደ ወተት ነጥቶ ነበር። ሐይቁ ሲነጣ ንጉሡ የአገሩን በሮች ሁሉ ያስመረምራል።

በዘልማራ ምድር ቤትና ሱቅ በስሙ መያዝ የሚችል ዜጋ ብቻ ነው። ዜግነት ደግሞ በወረቀት አይታወቅም። በከተማዋ መካከል የስሞች ጉድጓድ አለ። እናት በወለደች በአርባ ቀን ውስጥ ሕፃኗን ታቅፋ ትሄድና ስሙን ለጉድጓዱ ታንሾካሹካለች። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው በጉድጓዱ አፍ ላይ ዝም ብሎ ቢቆም፣ ውሃው ራሱ በስሙ ይጠራዋል። ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም። በአያቶች ዘመን ከጨው ከተሞች የመጡ ባለጸጎች የሐይቁን ዳር ጠቅልለው ገዝተውት፣ የአገሩ ሰው ጀልባውን የሚያቆምበት አጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕጉ ለብዙ ዘመን ተኛ። አሁን ነቃ።

ከሰዓት በኋላ የንጉሡ በር መርማሪ ጠልማን የቁልፍ ዘለላውን እያንቃጨለ መጣ። ጢሙ ገና ያላበቀለ፣ ሕጉን በቃሉ የያዘ ወጣት ነው። እናትና ልጅን ወደ ጉድጓዱ ወሰዳቸው። የኤልዳማ ነገር የታወቀ ነው፤ ከበረሃው ማዶ የመጣች ሙሽራ ናትና ስሟ ያለው በሌላ ውሃ ውስጥ ነው። ቤቱን የተወላት የአገሩ ተወላጅ የነበረው ባሏ፣ ናርዲ ሳትወለድ ነው የሞተው። ናርዲ ግን እዚሁ ተወልዳለች። ልጅቷ በጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች፤ ሁሉም ጆሮውን አቆመ። ውሃው ዝም አለ።

«አንቺ! ስሟን አልነገርሽውም እንዴ?» አለች ተከትላቸው የመጣችው ጎረቤታቸው እትዬ ዘሃቤ፣ ባለ ጀልባዋ መበለት።

«ነግሬያለሁ፣ እትዬ» አለች ኤልዳማ፤ ፊቷ አመድ መሰለ። «ለቀለሙ ጋን።»

በኤልዳማ አገር አራስ ሴት ለሥራ እጇን ለነከረችበት የመጀመሪያ ውሃ ነው የልጇን ስም የምትነግረው። እሷም ውሃ ሁሉ አንድ መስሏት ነበር።

«እንግዲያው ቤቱ በእኔ ስም ይሁን» አለች እትዬ ዘሃቤ። «ስሜ እንደሆነ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፤ ለባል እንኳ አልጠቀመኝ።»

«እትዬ፣ በውሰት ስም የተያዘ በር ራሱን ይቆልፋል» አለ ጠልማን። «ባለፈው ሳምንት የዘይት ነጋዴውን ከነእራቱ ቆልፎበት በጣራ ነው ያወጣነው።»

«እራቱስ?»

«እራቱ ቀረ።» ከዚያ ወደ ኤልዳማ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቁልፉን ለማስረከብ ዘጠኝ ቀን አለዎት። አንድ መንገድ ግን አለ። የዘገየች እናት በሰርዳ ወንዝ ራስ ላይ ወዳለው የውሃ ዓይን ሄዳ ጠባቂውን መለመን ትችላለች። የሄዱትን አውቃለሁ። የተመለሱትን አላውቅም። ምስክር ያስፈልጋል፤ እሱ እኔ እሆናለሁ።»

ቤት ሲመለሱ ኤልዳማ ሰማያዊ እጇን በበሩ መቃን ላይ ጭና ማለች። «ልጄ በተወለደችበት ምድር እንግዳ ሆና እንዳታድግ፣ የውሃውን ዓይን ሳላይ ወደዚህ ደጃፍ አልመለስም! ብመለስ ይህ እጅ ይድረቅ!»

በእትዬ ዘሃቤ ጀልባ አራት ሆነው ተነሡ። ወንዙ በጉም ውስጥ ወደ ላይ ይፈስ ይመስል ነበር፤ ዓሦች ከመቅዘፊያው በላይ በአየር ላይ ቀስ እያሉ ያልፋሉ። በሦስተኛው ቀን ተናጋሪው ሸምበቆ ውስጥ ገቡ። ይህ ሸምበቆ የሙታንን ድምፅ ይዋሳል፤ የመለሰለትን ሰው ውሃው ይወስደዋል።

«ኤልዳማዬ፣ የዓይኔ ብርሃን፣ ነይ ከጎኔ እረፊ» አለ የባሏ ድምፅ። ኤልዳማ እንደ ሕልመኛ አንድ እግሯን ከጀልባው አወጣች።

እትዬ ዘሃቤ ቀሚሷን ጨምድዳ ያዘቻት። «ባልሽ በሕይወቱ እንዲህ አሳምሮ አውርቶሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ እሱ አይደለም። ተቀመጪ!»

በአምስተኛው ቀን ደረሱ። የውሃው ዓይን በተራራ ቋጥኞች መካከል የተኛ ክብ ኩሬ ነበር። ከውስጡ ሰውነቱ እንደ መስተዋት የጠራ፣ በሆዱ ደመና የሚንሳፈፍበት ዘንዶ፣ ጠባቂው ራሱ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«እናት ሆይ፣ ልጅሽ የዚህ ምድር መሆኗን አውቃለሁ» አለ። «ስሟን እቀበላለሁ። ነገር ግን ሰባት ዓመት ዘግይተሻል። ለዘገየሽበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ዓመት ከአገሩ ውጭ ትኖሪያለሽ። የምትሄጂውም ከዚሁ፣ በተራራው ማዶ ነው።»

«ሕጉ እንዲህ አይልም!» ብሎ ጮኸ ጠልማን። «አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ!»

«ልጄ ሆይ፣ ሕጉ ሲጻፍ እኔ አርጅቼ ነበር።»

ጠልማን አንገቱን ደፋ። ኤልዳማ ግን ወደ እትዬ ዘሃቤ ዞራ ቃላቱ እየተደነቃቀፉባት ትናገር ጀመር። «ነጎድጓድ ትፈራለች፤ አልጋ ሥር ስትገባ እንዳይጎትቷት፣ ራሷ ትወጣለች። ጎመን አልወድም ብትል አይስሟት። ሳል ሲይዛት ደረቷን በሞቀ ዘይት...»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። አውቃለሁ» አለች እትዬ ዘሃቤ እያለቀሰች።

ናርዲ የእናቷን ቀሚስ ያዘች። «መቼ ትመጫለሽ?»

«ፀጉርሽ ወገብሽ ሲደርስ።»

«ዛሬ ጀምሬ አሳድገዋለሁ» አለች ልጅቷ።

ኤልዳማ በኩሬው ዳር ተንበረከከች፤ ከንፈሯን ውሃው ላይ አድርጋ ስሙን አንሾካሾከች። ከንፈሯ የነካው ውሃ ሰማያዊ ሆነ፤ ሰማያዊውም እንደ ክር እየተተረተረ ወደ ታች፣ ወደ ዘልማራ ወረደ።

በዘጠነኛው ቀን ኤልዳማ የተራራውን ጫፍ ስታልፍ፣ ከአለቱ ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ ድንገት በብዙ ሰው ድምፅ «ናርዲ!» አለ። በዘልማራ ጉድጓዱ ልጅቷን ጠራት። ኤልዳማ መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ፣ ውሃው ዝም እስኪል ድረስ ሰማች። ከዚያም ተነሥታ ቁልቁለቱን ያዘች።

ጠልማን ቁልፉን ለናርዲ በእጇ ሰጣት፤ ለአካለ መጠን እስክትደርስ አሳዳጊዋ እትዬ ዘሃቤ መሆኗንም በሸንጎ ፊት መሰከረ። በዚያ ዓመት ከቀለም ነካሪዎች ሰፈር አሥራ አንድ ቤተሰብ ቁልፉን አስረክቦ ወጣ። አራት ቤተሰብ ቀረ። ናርዲ ቀረች። ኤልዳማ ሄደች።