ኦስማር የሚባል የለም

አራሴሊ ቃሉ ካፏ መውጣቱን ያወቀችው ዋንጫው እጇን ከለቀቀ በኋላ ነበር። «አመሰግናለሁ» ብላ ነው የመለሰችው። ቴሬሬ የሚባለው ቀዝቃዛ የቅጠል መጠጥ በዙር ሲጠጣ «አመሰግናለሁ» ያለ ሰው ደግሞ በቃኝ ማለቱ ነው። እሷ ገና አንዴ ነበር የደረሳት።

ዙኒ በረዶ የሚንሳፈፍበትን ውሃ ቅጠሉ ላይ አንቆረቆረችና ዋንጫውን አራሴሊን አልፋ ለታማራ ሰጠች። በዚያ ሙቀት የማንጎው ዛፍ ጥላ እንኳ የሚያቀዘቅዝ አልነበረም።

«ኧረ እኔስ?»

«አመሰግናለሁ አልሽ እኮ።»

«ሳላስበው ነው።»

«መቼ ታስቢያለሽ አንቺ!» አለች ታማራ። «ኦስማር ሌሊቱን ሙሉ እያዋራሽ። ዓይንሽን እዩልኝማ፣ ቲማቲም መስሏል!»

ሁሉም ሳቁ። አራሴሊም ሳቀች።

ኦስማር የሚባል ልጅ ግን የለም። ባለፈው ዓመት ዓይኗ አብጦ ትምህርት ቤት ስትመጣ «ማነው እንቅልፍ የነሳሽ?» ብለው አፋጠጧት። ዝም ስትል ወንድ ልጅ ነው አሉ። ስም ሲጠይቋት ስም ሰጠቻቸው። ከተማውን ሲጠይቋት ደግሞ ሩቅ የሆነውን ኤንካርናሲዮንን መረጠች። እንቅልፍ የነሳት አንጀቷ መሆኑን ከመናገር ይህ ቀለላት። ሐኪሟ የአንጀት ቁስለት ነው፣ አብሮሽ ይኖራል ብለዋታል። ሲነሳባት ሌሊት ደጋግማ ወደ ሽንት ቤት ትሮጣለች። የከፋው ግን ሆዷ ጸጥ ባለበት ሌሊትም አለመተኛቷ ነው። እንግዳ እንደቀጠረ ሰው ጨለማው ውስጥ ተጋድማ ቁርጠቱን ትጠብቃለች። ሳይመጣ ይነጋል።

«ዛሬ ማታ እኛ ቤት ነው የምታድሩት» አለች ዙኒ። በማግስቱ አሥራ አምስት ዓመት ይሞላታል። «አራሴሊ፣ ዛሬ ሰበብ የለም። ለኦስማር ስልክሽን ዝጊበት።»

አራሴሊ ከምንም በላይ የምትመኘው ይህንን ነበር። ልደቱን አይደለም። ከጓደኞቿ መሀል ተጋድማ ወሬያቸው እየሳሳ ሲሄድ፣ አንዷ የጀመረችውን ሳትጨርስ ስትቀር መስማት፣ ከዚያ እሷም ሳታውቀው መከተል። ከዚህ በፊት ሁለቴ ጠርተዋት «አሞኛል» ብላ ቀርታለች። ዛሬም ከቀረች ሌላ ጊዜ ማን ይጠራታል?

እናቷ ኒሚያ ክፉውን ቀድማ የምታይ ሴት ናት። ሰማዩ ሲያጉረመርም ጎርፉ ይታያታል።

«ሌሊት ቢነሳብሽስ? ደም ቢኖረውስ? ሽንት ቤቱ ተይዞ ቢጠብቅሽስ? ፍራሹ ቢበላሽስ? ነገ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ቢያወሩብሽስ?»

«እማዬ፣ በቃ!»

«እኔ እደውልላቸዋለሁ። ትኩሳት ይዟታል እላለሁ። ማን ለክቶ ያያል?»

ስልኩን አንስታ ነበር። አራሴሊ ቀና ብላ አየቻት። የእናቷም ዓይን እንደ ራሷ ቀልቷል። ለካ ከግድግዳው ማዶም ተጋድሞ የሚጠብቅ ሰው አለ።

«አትደውዪ» አለቻት። «መጀመሪያ ዙኒን ላናግራት።»

አራሴሊ ስትደርስ ዙኒ ቤታቸው በረንዳ ላይ ፍራሽ በዱላ እየመታች አቧራ ታራግፋለች።

«ደግ መጣሽ! ያንን ጫፍ ያዢልኝ።»

አራሴሊ ያዘች። «ዙኒ፣ ኦስማር የለም።»

«ተጣላችሁ?»

«አይደለም። ኖሮም አያውቅም።»

ዱላው አየር ላይ ቀረ። «አንቺ! ወታደር ቤት ገባ ብለሽ አስለቀስሽን እኮ! በሰላም ይመለስ ብዬ ሻማ አብርቻለሁ! ለሌለ ሰው!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሌሊቱን ከማን ጋር ነው የምታነጊው?»

«ከሽንት ቤት ጋር።»

ዙኒ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን አየችና አቆመች። አራሴሊ ስለ ቁስለቱ፣ ስለ ኪኒኑ፣ ስለ መጠበቁ አንድ በአንድ ነገረቻት። ዙኒን ለማየት ስለፈራች ሁሉንም የተናገረችው ለፍራሹ ነበር።

«ይተላለፋል?»

«አይተላለፍም።»

«አሞኛል ብለሽ የቀረሽ ጊዜስ?»

«እሱ እውነት ነበር።»

ዙኒ ፍራሹን ከሚገባው በላይ መታችው። «በሕመምሽ አይደለም የተናደድኩት። ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠሽ...» አልጨረሰችውም። «በሩ አጠገብ ያለው ፍራሽ ያንቺ ነው። የኮሪደሩን መብራት አላጠፋም። ለልጆቹ ግን ራስሽ ንገሪያቸው። እኔ አልዋሽልሽም።»

«ቢስቁስ?»

«ይስቃሉ እንጂ! ለኦስማር ሹራብ መሥራት የጀመረችው ታማራ ግን አትስቅም፣ ትገድልሻለች።»

ሲመሽ እናቷ በሞተር ብስክሌት አደረሰቻት። ቦርሳው ውስጥ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ መድኃኒቷንና ፎጣ ጠቅጥቃበታለች።

«በሩ እስኪዘጋ እዚሁ ነኝ» አለቻት። «ሐሳብሽን ከቀየርሽ ውጪ። ማንም ምንም አይልሽም።» ሞተሩንም አላጠፋችም።

ውስጥ ፍራሾቹ ጎን ለጎን ተነጥፈዋል። ታማራ ቺፓ የሚሉትን የአይብ ዳቦ እየገመጠች ቀና አለች። «ኦስማር ደወለ?»

ዙኒ ትራሱን ታስተካክላለች፤ ቀና አላለችም። አራሴሊ ጫማዋን አወለቀች።

«ስለ እሱ የምነግራችሁ አለኝ» አለች። «መብራት ሲጠፋ።»

«ኡኡ! ሊያገባሽ ነው!»

የዙኒ እናት እትዬ ዴልፊና ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ብቅ አሉ። «የሚወጣ አለ? ከቆለፍኩ ቁልፉ ትራሴ ሥር ነው፣ አልነሳም!»

የአራሴሊ ሆድ ተንጫጫ። ረሀብ ይሁን ሌላው መለየት አቃታት። በመስኮቱ አየች፤ የሞተሩ መብራት ከበሩ ፊት ለፊት ቆሟል። እጇን ከፍ አድርጋ «ሂጂ» አለቻት። መብራቱ ለአፍታ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረና ወደ ቤታቸው በሚወስደው መንገድ ሄደ።

«ማንም የለም፣ እትዬ» አለች። «ይቆለፍ።»

ቁልፉ ሁለቴ ዞረ።